የጤና መረጃ የሚያቀባብል የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ፦ ምን ይግባበት፣ ምን ይቅር?

ጥያቄ፦ ሦስት ሆነን አዲስ አበባ ውስጥ ለግል ክሊኒኮች ሶፍትዌር እንሠራለን። የላቦራቶሪ ማሽን ያወጣውን ውጤት ተቀብሎ ወደ ታካሚው መዝገብ የሚያስገባ ኮድ በኖድ (ጃቫስክሪፕትን ከብራውዘር ውጭ በሚያስኬደው ፕሮግራም) ጽፈናል። በየክሊኒኩ እንደ አዲስ ከመጻፍ ኦፕን ሶርስ ላይብረሪ አድርገን ልንለቀው አሰብን። የራሳችንን የጄሰን (በጽሑፍ የሚላክ የመረጃ አጻጻፍ) ቅርጽ እንጠቀም ወይስ ፋየር (FHIR) የተባለውን የጤና መረጃ መለዋወጫ ደረጃ? ላይብረሪው ውስጥ ምን ይግባ? ላይሰንሱስ የትኛው ይሁን?

መልስ፦ ቅርጹን በተመለከተ መልሴ አጭር ነው። ፋየርን ተጠቀሙ፤ የራሳችሁን አትፍጠሩ። ምን ይግባ ለሚለው ግን ሰፋ አድርጌ ልመልስ፤ ዋናው ጉዳይ ያለው እዚያ ነው። ላይብረሪያችሁ ብዙ ነገር እንዲሠራ አትድከሙ። አንድ ነገር ብቻ በእርግጠኝነት ይሥራ፦ ከማሽኑ የመጣውን ውጤት ምንም ሳይቀንስ፣ ምንም ሳይጨምር መዝገቡ ጋ ያድርስ። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ጃቫስክሪፕት ላይ ግን ይህን ማድረግ ከባድ ነው።

ለምን ፋየር? ኤችኤል ሰቨን የተባለው ድርጅት አሜሪካ ውስጥ በ1987 ተመሠረተ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የድርጅቱ ቨርዥን 2 መልእክት፣ ማለትም በቀጥ ያለ መስመር | የተከፋፈለው ጽሑፍ፣ ዛሬም በብዙ አገር ሆስፒታሎች ይሠራል። እናንተም ከማሽኑ የምትቀበሉት እሱን ሳይሆን አይቀርም። በ2011 ግራሃም ግሪቭ የተባለ አውስትራሊያዊ ሌላ መንገድ አቀረበ። የጤና መረጃም እንደ ሌላው የኢንተርኔት አገልግሎት በኤችቲቲፒ ይመላለስ አለ። ፋየር የመጣው ከዚያ ነው። ዝርዝሩ ለማንም ክፍት ነው፤ ክፍያ የለውም። አራተኛው እትም በ2018 መጨረሻ፣ አምስተኛው በ2023 ወጣ። እናንተ በአራተኛው ጀምሩ። ፔሸንት (ታካሚ) እና ኦብዘርቬሽን (የምርመራ ውጤት) የሚባሉት ሁለቱ መሠረታዊ ቅርጾች የጸኑት በአራተኛው ነው። ኦፕንኤምአርኤስን የመሳሰሉ የሕክምና መዝገብ ሲስተሞችም የሚያናግሩት እሱን ነው።

የራሳችሁ ቅርጽ ለሁለት ክሊኒክ ይበቃችሁ ይሆናል። ሦስተኛው ክሊኒክ ሌላ ሲስተም ይዞ ሲመጣ አስተርጓሚ ትጽፋላችሁ። አራተኛው ሲመጣ ሌላ አስተርጓሚ። ከዚያ የእናንተን ቅርጽ የሚያውቅ ከእናንተ በቀር ማንም አይኖርም።

ነገር ግን ሌላ የፋየር ደንበኛ ላይብረሪም አትጻፉ። ተጽፏል። ስማርት የተባለው ፕሮጀክት የጃቫስክሪፕት ደንበኛ አለው። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ፋየርፓዝን (ከፋየር መዝገብ ውስጥ መረጃ መፈለጊያ ቋንቋ) በጃቫስክሪፕት ሠርቶ በነፃ ለቋል። የታይፕስክሪፕት ታይፖቹ ኤንፒኤም (የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማከማቻ) ላይ ተዘጋጅተው ይገኛሉ። የሲስተሞችን መልእክት በመሀል ሆኖ የሚያስተላልፈው ኦፕንኤችአይኤምም በኖድ የተጻፈ ነው፤ የደቡብ አፍሪካው ጄምቢ ነው የሠራው። መሞከሪያ ሰርቨር ካስፈለጋችሁ ሃፒ ፋየር አለላችሁ። እናንተ እጅ ያለው ውድ ነገር ከማሽኑ እስከ ፋየር ያለው መንገድ ነው። እሱን ብቻ ጻፉት፣ እሱን አጥብቁት።

ኮዱን ስትከፋፍሉ መቀበያው፣ መልእክት አንባቢው፣ ወደ ፋየር ቀያሪውና ላኪው ለየብቻ ይሁኑ። አንባቢውና ቀያሪው ኔትወርክም ፋይልም አይንኩ። ጽሑፍ ይግባ፣ ውጤት ይውጣ፤ አለቀ። እንዲህ ከሆነ ቴስት መጻፍ ይቀላችኋል። መቀበያ ኖሮት አንባቢ ብቻ የሚፈልግ ሰውም ይጠቀምባችኋል።

ከመቀበያው ልጀምር። ማሽኑ መልእክቱን በቲሲፒ ይልካል፤ መልእክቱ 0ኤክስ0ቢ በሚባለው ባይት ይጀምርና በ0ኤክስ1ሲ እና በ0ኤክስ0ዲ ይዘጋል። ብዙ ሰው ኖድ ላይ አንድ የዳታ ኢቨንት ሲመጣ አንድ መልእክት እንደመጣ ያስባል። እንደዚያ አይደለም። ቲሲፒ መልእክት የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው የባይት ፍሰት ነው። ግማሽ መልእክት ሊመጣ ይችላል፤ ሁለት ተኩልም ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የመጣውን እያጠራቀሙ የመዝጊያውን ባይት መፈለግ ግድ ነው።

እዚህ ላይ እኛን በተለይ የሚመለከት ነገር አለ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 ሦስት ባይት ይይዛል። የመጣውን ቁራጭ ሁሉ ወዲያው ወደ ስትሪንግ ብትቀይሩት፣ ቁራጩ ፊደሉን መሀል ላይ የቆረጠው ዕለት የታካሚው ስም ውስጥ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ ይገባል። ደግሞ ሁልጊዜ አይከሰትም። በእንግሊዝኛ ስም ስትሞክሩት ፈጽሞ አይታይም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ባይቶቹን እንደ ባፈር አጠራቅሙ፣ ሙሉው መልእክት ሲደርስ ብቻ ወደ ጽሑፍ ቀይሩ። የመዝጊያዎቹ ባይቶች የግዕዝ ፊደል ውስጥ ስለማይገኙ ፍለጋው አይሳሳትም። መልእክቱ በምን ኢንኮዲንግ እንደተጻፈ የሚናገረው ኤምኤስኤች 18 (የመጀመሪያው መስመር 18ኛ ፊልድ) ነው፤ ባዶ ከሆነ አትገምቱ፣ ተጠቃሚው በሴቲንግ ይንገራችሁ።

አንባቢው ላይ ብዙ አልቆይም። መለያ ምልክቶቹን ከመጀመሪያው መስመር አንብቡ እንጂ በኮዱ ውስጥ አታስቀምጡ። ኤምኤስኤች 1 ራሱ መለያው ምልክት ስለሆነ የዚያ መስመር ቁጥር በአንድ ይዛነፋል፤ ቴስት ጻፉበት። በዜድ የሚጀምሩ መስመሮች የአምራቹ የራሱ ናቸው፤ ባታውቋቸውም እንዳሉ አቆዩአቸው። ጥሬው መልእክትም ሁልጊዜ ከውጤቱ ጎን ይቀመጥ። ከስድስት ወር በኋላ "ይህ ቁጥር ከየት መጣ?" የሚል ሐኪም ይኖራል፤ ያን ቀን መልሱ እዚያ ነው ያለው።

"ደርሶኛል" የሚለውን መልስ መቼ እንደምትልኩ ግን በደንብ አስቡበት። መልእክቱ እንደገባ ኤኤ (ደርሶኛል የሚለው ኮድ) ብላችሁ ከመለሳችሁና ሳታስቀምጡት መብራት ከጠፋ ማሽኑ ሥራውን ጨርሷል፤ ድጋሚ አይልክም። ውጤቱ ጠፋ ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ ዲስክ ላይ ይጻፍ፣ ከዚያ ኤኤ ይሂድ፣ ወደ ፋየር ሰርቨሩ መላኩ በራሱ ጊዜ ይከተል። ኢንተርኔት ሲቋረጥ ወረፋው ዲስክ ላይ ይጠብቃል፤ ለዚህ ኤስኪውላይት የተባለው ትንሽ ዳታቤዝ ይበቃል። የላብ ቴክኖሎጂስቷ በኢንተርኔት ምክንያት ሥራዋ መቆም የለበትም።

ድጋሚ መላክ ሲኖር ድግግሞሽ ይመጣል። አንድ ውጤት ሁለት ጊዜ ከተመዘገበ ሐኪሙ ሁለት ጊዜ የተመረመረ ይመስለዋል። ፋየር ለዚህ "ከሌለ ብቻ ፍጠር" የሚል ትእዛዝ አለው፤ ተጠቀሙበት። ማጣሪያውን ግን በመልእክቱ ቁጥር ብቻ አታድርጉት። ጠፍተው ሲበሩ ቁጥሩን ከ1 የሚጀምሩ ማሽኖች አሉ። የላኪውን ስም፣ የናሙናውን ቁጥርና ሰዓቱን ጨምሩበት።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ፤ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። ጃቫስክሪፕት ቁጥር ላይ በጣም ቸር ነው። ባዶ ጽሑፍ ወደ ቁጥር ቀይር ስትሉት ሳያቅማማ 0 ይሰጣችኋል። አስቡት፤ ማሽኑ የስኳር ውጤት ሳያወጣ ባዶ ልኮ መዝገቡ ላይ ስኳር 0 ተብሎ ሲጻፍ። ፓርስፍሎት የተባለው የጃቫስክሪፕት ቁጥር አንባቢ ደግሞ የገባውን ያህል አንብቦ ያቆማል። "12,5" ሲሰጡት 12 ይላል። የዊዳል ምርመራ ውጤት "1:160" ሲሰጡት 1 ይላል። በየክሊኒኩ በየቀኑ የሚጻፍ ውጤት ነው ይኼ! "<0.01" ከሆነ ቁጥር አይደለም ብሎ ይመልሰዋል፤ ብዙ ኮድ ደግሞ እሱን ዝም ብሎ ይጥለዋል። ፋየር ለእነዚህ ሁሉ ቦታ አለው። "ከዚህ ያነሰ" የሚል ምልክት ከመጠኑ ጋር ይቀመጣል። "1:160" እንደ ሬሾ ወይም እንደ ጽሑፍ ይቀመጣል። ውጤት ከሌለ የሌለበት ምክንያት ይጻፋል። ስለዚህ የራሳችሁን ጥብቅ አንባቢ ጻፉ፤ ጽሑፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቁጥር ካልሆነ ቁጥር አትበሉት፤ እንደ ጽሑፍ አሳልፉት።

አንድ ስውር ነገር ልጨምር። ለላቦራቶሪ 5.0 እና 5 አንድ አይደሉም፤ የመጀመሪያው ማሽኑ እስከ አንድ ነጥብ ድረስ እንደለካ ይናገራል። ፋየርም ይህ ልዩነት እንዲጠበቅ ያዝዛል። ተራው ጄሰን ፓርስ ግን 5.0ን 5 አድርጎ ያነብበዋል፤ መልሳችሁ ስትጽፉት ዜሮው የለም። በአዲሶቹ የኖድ እትሞች ለፓርሱ በምትሰጡት ፈንክሽን በኩል ዋናውን ጽሑፍ ማግኘት ይቻላል። ካልሆነ አስርዮሽን እንደ ጽሑፍ ይዞ የሚሄድ ፓርሰር ተጠቀሙ። የካርድ ቁጥርማ ፈጽሞ ቁጥር አይሁን። "0004521" የነበረው 4521 ይሆንና ካርድ ክፍል ሄዳችሁ አታገኙትም። ከ9,007,199,254,740,991 በላይ የሆነ ቁጥርም ጃቫስክሪፕት ላይ መጨረሻው ሊቀየር ይችላል። የካርድ ቁጥርን ከየትኛው ክሊኒክ እንደመጣ ከሚናገረው አድራሻ ጋር አጣምራችሁ አስቀምጡ፤ ሁለት ክሊኒክ አንድ ዓይነት ቁጥር መስጠታቸው አይቀርም።

መለኪያውንም አትቀይሩ። ስኳር በሚሊግራም በዴሲሊትር ከመጣ እንዲያው ይሂድ። ወደ ሚሊሞል መቀየር በ18 ማካፈል ነው ብሎ ላይብረሪው ውስጥ ማስገባት ያጓጓል። ግን 18 ለስኳር ብቻ ነው፤ ለሌላው ምርመራ ሌላ ነው። መለወጥ ካስፈለገ ሐኪሙ የሚያየው ስክሪን ላይ ይለወጥ፤ በመንገድ ላይ አይሁን። ላይብረሪው ደብዳቤ አድራሽ ነው፤ ፖስታውን ከፍቶ አያርምም።

ቀንን በተመለከተ፣ እኛ አገር የተለየ ችግር አለ። የታካሚው ካርድ ላይ "የትውልድ ዘመን 1980" ተጽፏል እንበል። በእኛ አቆጣጠር ነው? ወይስ በአውሮፓ? ላይብረሪያችሁ ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ ጠሪው ሳይናገር ቀን አትቀበሉ። በእኛ ከሆነ 1980 ማለት ከሴፕቴምበር 12 ቀን 1987 እስከ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1988 ያለው ጊዜ ነው። ፋየር ላይ የትውልድ ቀን ዓመት ብቻ፣ ዓመትና ወር ወይም ሙሉ ቀን ነው የሚሆነው፤ ከዚህ እስከዚህ ማለት አይቻልም። እኔ ብሆን ግድ ሲሆን አብዛኛው ክፍሉ የሚውልበትን 1988ን እጽፋለሁ፤ ዋናውን "1980 ዓ.ም." ደግሞ ኤክስቴንሽን (ፋየር ለተጨማሪ መረጃ የሚሰጠው ቦታ) ውስጥ ሳልነካው አስቀምጣለሁ። ይህን ውሳኔ በዶክመንታችሁ ላይ በግልጽ ጻፉት።

የጃቫስክሪፕቱ ዴት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። "1988" ብቻ ስትሰጡት ጃንዋሪ 1 ብሎ ቀን ይፈጥርለታል። ታካሚዋ ያልተናገረችው ቀን ነው። ያውም በግሪንዊች ሰዓት ስለሚያነብበው፣ ዋሽንግተን ያለ ወገናችሁ ያንኑ ኮድ ሲያስኬድ ዲሴምበር 31 ቀን 1987 ያያል። አዲስ አበባ ላይ አይታይም፤ ቴስቱ እዚህ ያልፋል፣ እዚያ ይወድቃል። ጥቅምት 30 ቀን 1980ን ሳትቀይሩ ዓመት፣ ወርና ቀን አድርጋችሁ ከሰጣችሁት ደግሞ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ ዝም ብሎ ማርች 1 ያደርገዋል። ስህተት ነው አይልም። ስለዚህ የትውልድ ቀን ጽሑፍ ሆኖ ገብቶ ጽሑፍ ሆኖ ይውጣ፤ በመሀል ዴት አይሁን። ለሰዓትም እንዲሁ ነው። ፋየር ሰዓት ከተጻፈ የሰዓት ቀጠናውም አብሮ እንዲጻፍ ያስገድዳል፤ ብዙ ማሽን ግን አይልከውም። ፕላስ 03:00 መሆኑን ክሊኒኩ በሴቲንግ ይንገራችሁ። ነርሷ በእጇ የምታስገባው ሰዓት ካለም "3 ሰዓት" ያለችው ጠዋት 9 መሆኑን ፎርሙ ላይ መፍታት ያስፈልጋል።

ለማሳየት ግን መልካም ዜና አለ። አይኤንቲኤል የተባለው የጃቫስክሪፕት ክፍል የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል፤ ጳጉሜንም ጭምር። ለስክሪን ተጨማሪ ፓኬጅ አያስፈልጋችሁም።

ስምም ጥንቃቄ ይፈልጋል። የፋየር ስም የቤተሰብ ስም የሚል ቦታ አለው፤ እኛ ጋ ደግሞ የራስ፣ የአባትና የአያት ነው። ቦታው ግዴታ አይደለም። ሙሉው ስም ሁልጊዜ "ቴክስት" ውስጥ ይግባ። የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ማስቀመጥ የሚያስገድድ ሲስተም ካለ ተጠቃሚው በሴቲንግ ይምረጥ። ሙሉ ስምን ግን በክፍት ቦታ አትቁረጡ። "ገብረ መድኅን"ን ከቆረጣችሁት "መድኅን" አባት ሆኖ ይመዘገባል። ኃይሉና ሀይሉ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ፤ ፊደሎቹን ለፍለጋ ብቻ አመሳስሉ፣ የተጻፈውን ስም ግን አትንኩ።

መረጃ የሚጠፋበት ሌላው መንገድ ላኪው ላይ ነው። ፋየር ላይ ፑት ማለት አዲሱ በአሮጌው ቦታ ሙሉ በሙሉ ይተካ ማለት ነው። ታካሚውን ከሰርቨር አንብባችሁ፣ የምታውቋቸውን ፊልዶች ብቻ ይዛችሁ፣ ስልኩን አስተካክላችሁ ብትመልሱት ሌላው ሲስተም ያስቀመጠውን ሁሉ አጠፋችሁ። የማታውቁትን ሁሉ እንዳለ መልሱ። ከመነሻው በአንደርስኮር የሚጀምሩ ፊልዶች አሉ፤ ብዙ ላይብረሪ ይረሳቸዋል። ስትመልሱም ቨርዥኑ በመሀል አለመቀየሩን ኢፍ ማች በተባለው የኤችቲቲፒ ራስጌ አረጋግጡ። ሞዲፋየር ኤክስቴንሽን ካገኛችሁና ትርጉሙን ካላወቃችሁ ደግሞ ሥራውን አቁሙና ተናገሩ፤ የመዝገቡን ትርጉም ሊገለብጥ የሚችል ነገር ነው፣ አይዘለልም።

የታካሚ ምስጢር ላይ አንደራደር። የስህተት መልእክታችሁ ውስጥ የታካሚ ስምም ውጤትም አይግባ፤ የትኛው መስመር፣ ስንተኛው ፊልድ እንደሆነ ብቻ ይበቃል። ሎግ ፋይል ማንም የሚያየው ነገር ነው። ለቴስት ከክሊኒክ የመጣ መልእክት "ስሙን አጥፍተነዋል" ብላችሁ አታስገቡ፤ ጊት የገባውን አይረሳም። ሲንቲያ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የፈጠራ ታካሚዎችን በፋየር ያመርታል፤ የማሽኑን መልእክት ደግሞ በእጃችሁ ፍጠሩ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ነው) የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚያስፈልገው ወገን አድርጎታል፤ ከመልቀቃችሁ በፊት አንብቡት።

ላይሰንስ፦ አፓቺ 2.0 እመክራለሁ። ንግድ ድርጅትም መንግሥትም ያለ ሥጋት ይወስደዋል፤ የፓተንት ፈቃድም አለው። ኦፕንኤምአርኤስና ኦፕንኤችአይኤም ኤምፒኤል 2.0 ናቸው፤ ያም ጥሩ ምርጫ ነው። ስኖሜድ ሲቲ የተባለውን የሕክምና ቃላት ኮድ ስብስብ ግን ፓኬጁ ውስጥ አታስገቡ፤ የራሱ ፈቃድ አለው። ሎይንክ የተባለው የላብ ምርመራ ኮድ ስብስብ በነፃ የሚገኝ ቢሆንም የራሱ ውል አለው፤ ሠንጠረዡን ከመገልበጥ ተጠቃሚው የራሱን ካርታ የሚሰጥበት ፋይል አዘጋጁ። ለምሳሌ የማሽኑ ኤችጂቢ (ሄሞግሎቢን) በሎይንክ 718-7 ነው ብሎ ላብ ባለሙያው ራሱ ይሙላ። ይህን ካርታ ፕሮግራመር ብቻውን አይሙላው፤ የላብ ሰው ይፈርምበት።

ጥገኝነት አታብዙ። በ2016 ሌፍት ፓድ የምትባል ትንሽ ፓኬጅ ከኤንፒኤም ስትነሳ ስንቱ ፕሮጀክት እንደቆመ ታስታውሳላችሁ። በ2018 ኢቨንት ስትሪም በተባለ ሌላ ፓኬጅ ውስጥ ሌባ ኮድ ተገኘ። አንባቢውና ቀያሪው ያለ ምንም የውጭ ፓኬጅ ሊጻፉ ይችላሉ። የኤንፒኤም አካውንታችሁ ላይ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሩ፤ የማተም መብትም ከሦስታችሁ ሁለታችሁ ጋ ይሁን።

የመጀመሪያው እትም አንድ ማሽን፣ አንድ አቅጣጫ ይሁን፦ አሁን ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራላችሁ የደም ቆጠራ ማሽን ካለ እሱን ይዛችሁ ውጡ። ቨርዥኑን 0.1 በሉት። አስቸጋሪዎቹን ግብዓቶች፣ ባዶውን፣ "<0.01"ን፣ "1:160"ን፣ 5.0ን፣ "0004521"ን፣ ጥቅምት 30ን፣ መሀሉ ላይ የተቆረጠውን ፊደል፣ ሁሉንም በቴስት ፋይል ውስጥ አስቀምጡ፤ ቴስቶቹንም በአዲስ አበባም በዋሽንግተንም ሰዓት ቀጠና አስኪዱ። ኤችኤል ሰቨን የማይናገሩ፣ በኤኤስቲኤም (ሌላ የላብ ማሽን መልእክት ቅርጽ) የሚልኩ ማሽኖች ክሊኒኮቻችሁ ውስጥ ካሉ፣ እነሱ ሌላ መቀበያና ሌላ አንባቢ ይፈልጋሉ፤ ቀያሪው ግን ያው ነው። እነሱን ለ0.2 አቆዩአቸው።